ይልማ ያቦካው ሊጥ

ወንድሜ ይልማ በሞተበት ቀን ጠዋት ሊጥ እያቦካ ነበር።

ከዚህ የምጀምረው ሌላ መጀመሪያ ስላጣሁ ነው። ሰው ስለ እሱ ሲጠይቀኝ ከየት እንደምይዘው ግራ ይገባኛል። አንድ ቦታ የማይቆም ሰው ነበር፤ ሲያወሩለትም አይቆምም።

ሰኞ ነበር። እንጦጦ ላይ ጉም ስለወረደ፣ ባሕር ዛፍ የሚያመላልሰው የጭነት መኪና አርፍዶ እንደሚነሳ ሹፌሩ ጋሽ ታደሰ ልኮበት ነበር። ይልማ የዚያ መኪና ረዳት ነው። ጠዋቱ ባዶ ሆነለት፤ ባዶ ጊዜ ደግሞ አይችልም። የእማዬን ትልቁን ሳህን አወረደና ዱቄቱን ገለበጠበት። ዱቄቱ የቀበሌ ነው፤ ጠቆር ያለ፣ ገለባ የበዛበት። ፉርኖ ዱቄት ከጠፋ ቆይቷል። እሑድን ሙሉ በወንፊት ሲነፋው ዋለ፤ ወንፊቱ አልበቃ ሲለው በእማዬ አሮጌ ሻሽ ደገመው።

ቆሞ ነው የሚያቦካው። ትንሽ አሸት ያደርግና ወደ በሩ ሄዶ ጉሙን ያያል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ያሻል። እማዬ ከጓዳ ወጥታ አየችው።

«ምንድነው እሱ?»

«ፈጢራ። ማታ እትዬ ሩቂያ ጋ ይጋገራል። አንቺም ትመጪያለሽ።»

እማዬ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች። «የኔ አፍ አንዴ ተጠምቋል፤ ይበቃዋል» አለች።

ይልማ እስኪያስለው ሳቀ። ቀልዱ የራሱ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ሲናገረው ሰምታ ፊቷን ስታዞር ኖራ፣ ያን ቀን ከእሷ አፍ ወጣ። እሱ የሳቀው ለዚህ ነው ብዬ አስባለሁ። የበሩን መወርወሪያ ሲላላ ያየ ሰው ይመስል ነበር።

ሊጡን ዘይት ቀብቶ በእርጥብ ጨርቅ ሸፈነው። «እንዳትነካው» አለኝ። «ማረፍ አለበት።» ስለ ዕረፍት ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ካቦርቱን ደርቦ ወጣ። አልተሰናበተንም። ሥራ የሚሄድ ሰው ይሰናበታል እንዴ።

ፈጢራ ምን እንደሆነ ለማያውቅ መናገር አለብኝ፤ እኔም ከይልማ አፍ ነው የማውቀው። ሊጡ በዘይት ጠረጴዛ ላይ እየተመታ ይሳባል፤ በስተኋላው ያለው እጅ እስኪታይ ድረስ ይሳሳል። ውስጡ እንቁላል ይፈስበትና እንደ ፖስታ ይታጠፋል። በሰፊ ብረት ላይ ይጠበሳል፤ ሲወርድ ማር ይደረግበታል። ከየካ ሚካኤል ቁልቁል ወደ አስፋልቱ ሲወረድ፣ ዛሬ የቀበሌ ሱቅ በሆነው ቤት፣ ሳሊም የሚባል የየመን አረብ ይሠራው ነበር። ሰፈሩ «ሳሊም ቤት» ይለዋል። እትዬ ሩቂያ ሚስቱ ናት፤ ያገራችን ሰው። እሷ ታቦካለች፤ እሱ ይስባል።

ያኔ ይልማ አንደኛ ደረጃ ተማሪ ነው። እኔ እማዬ ጀርባ ላይ ነበርኩ። አባታችን የለም። ገና ጡት ላይ ስለነበርኩ የሳሊምን ፈጢራ አንድ ቀን እንኳ አልቀመስኩም። ይህን ልብ በሉልኝ።

ሳሊም ቤት ባለ ማርና እንቁላሉም ነበረ፣ ባለ ሥጋውም ነበረ። ባለ ማሩን የክርስቲያን ልጅ ሁሉ ይበላል፤ የታረደ ነገር የለበትም። ባለ ሥጋው የእስላም ሥጋ ነው፤ የእኛ ሰው አይነካውም። አርብና ረቡዕ ደግሞ ሳሊም ለጾመኞች ብሎ ምስር ሞልቶ ይጠብሳል። አንድ አርብ ይልማ ምስር አዘዘ። የሰጡት ግን የሌላ ሰው ነው። በላ። ቤት መጥቶ፣ ያውም ከንፈሩን እየላሰ፣ የሳሊም ምስር ከእማዬ ምስር እንደሚበልጥ አወራ። እማዬ ተቀየመች፤ ምን ቢያደርጉበት ነው የሚጣፍጠው አለችው። እሱም ያስባል፣ ያስባልና፣ ምስሩ ጥርስ ውስጥ ይገባል ይላታል። አፉን ከፍታ አየች።

የእስላም ሥጋ፣ በዚያ ላይ በጾም ቀን። በማግስቱ የነፍስ አባታችን ጸበል ረጩት፤ ስግደትም ሰጡት። «አፌ ሁለቴ የተጠመቀ ሰው ነኝ» የሚለው ከዚያ የመጣ ነው። እስከዚህ ድረስ ሲያወራ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እሱም ይስቃል።

የቀረውን ግን አያወራም። እኔ የሰማሁት ከሰፈር ሰው ነው። እማዬ ከጸበሉ በቀጥታ ሳሊም ቤት ሄዳ፣ ደንበኛ በሞላበት፣ እትዬ ሩቂያን «ልጄን ልታሰልሚብኝ ነው ወይ» አለቻት። እትዬ ሩቂያ ተሳስተን ነው ብላ ልትይዛት እጇን ዘረጋች። እማዬ እጇን ሸሸች። ብዙ ሰው አይቷል። ከዚያ በፊት ሁለቱ የሚዋደዱ ጎረቤቶች ነበሩ፤ እኔ ስወለድ ገንፎ ያገነፋችው እትዬ ሩቂያ ናት ይላሉ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲተላለፉ አንገታቸውን ሰበር ያደርጋሉ፤ እሱ ብቻ። ሊታረቁ ይችሉ ነበር። ግን አብዮቱ መጣ፤ ስኳር ጠፋ፤ ዱቄት ጠፋ፤ ቤቱ ተወረሰ። ሳሊም ተመልሼ እወስድሻለሁ ብሎ ወደ አገሩ ሄደ። አልተመለሰም። እትዬ ሩቂያ የኋላዋ አንዲት ክፍል ቀረችላት።

ይልማ ሁሉንም ምላሴ ያመጣው ጣጣ ነው ብሎ ይዞታል። እንዲህ ብሎ ነግሮኝ አያውቅም። ግን እትዬ ሩቂያ በራችን ስታልፍ ተነስቶ የሚይዘው ሥራ ይፈልጋል።

ተቀምጦ ሲበላ አላየሁትም። እማዬ «ተቀመጥ» ትለዋለች፤ ጉርሻውን ይዞ ከበሩ እስከ ግቢው መዝጊያ ይመላለሳል። ምንም ቢቀርብለት አይነቅፍም። «ደህና ነው» ይላል። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ «ሳሊም ቤት ግን…» ብሎ ይተወዋል። እማዬ ድስቱን ጠበቅ አድርጋ ትከድናለች።

እሑድ እሑድ ይዞኝ ይዞር ነበር። በእግር ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጥ አይሆንለትም። ከየካ ተነስተን ቀበና፣ አራት ኪሎ፣ ፒያሳ። የምንሄደው ለመብላት አይደለም፤ የተዘጉ ምግብ ቤቶችን ለማየት ነው። ሌላ ሰው ዘመድ እንደሚጠይቅ እሱ በር ይጠይቃል። እዚህ ቦምቦሊኖ ውስጡ ማርማላታ የሚደረግበት ነበር። እዚህ ክሬም ካራሜል፤ ሳህኑ ሲነቀነቅ አብሮ የሚንቀጠቀጥ። እዚህ ሙሸበክ፣ ከጋዜጣው ላይ ሽሮፑ የሚላስ። በሩ ላይ አሁን ቁልፍ አለ፤ ወይ የማኅበር ጽሕፈት ቤት ሆኗል፤ ወይ መፈክር ተጽፎበታል። ይልማ በሩ ፊት ለፊት አይቆምም። መንገዱን ወደኋላ ይሄድና ትከሻዬን ይዞ ያቆመኛል።

«እዚህ ጋ ቁም። አይ፣ ትንሽ ወደዚህ። እዚህ ነበር ሽታው የሚጀምረው።»

የእያንዳንዱ ቤት ሽታ እስከ የት ይደርስ እንደነበር ያውቃል። የሳሊም ቤት ወደ ታች እስከ አስፋልቱ ነበር፤ ወደ ላይ ወደ እኛ በኩል ግን እስከ መብራት እንጨቱ ብቻ። ነፋሱ ከእንጦጦ ቁልቁል ስለሚነፍስ እኛ በር አይደርስም። ልጅ ሆኖ በዚህ ይናደድ እንደነበር ነግሮኛል። እኔም ያልበላሁት ምግብ ሽታው በሌለበት ቦታ ቆሜ አፌ ውሃ ይሞላ ነበር። እንዴት እንደሚያደርገው እንጃ።

አንድ እሑድ ቀበና ድልድዩን አለፍ ብለን አንድ አብዮት ጠባቂ ያዘን። ልናሸተው የሄድነው ምግብ ቤት የቀበሌ መሥሪያ ቤት ሆኗል፤ እኛ ደግሞ ማዶ ቆመን ወደዚያው እናሸታለን። ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ምን እንደምንሠራ ጠየቀን። እኔ ከይልማ ኋላ ተጠጋሁ። ይልማ፣ «ማካሮኒ እያሸተትን ነው» አለው።

ሰውየው አየው። ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «የፎርኖውን ነው? ጠርዙ ላይ ቃጠል የምትለዋን?» አለ። እሱንም ልጅ ሆኖ አባቱ እዚህ ያመጣው ነበር። ሁለቱ ስለዚያ ጠርዝ ትንሽ አወሩ። በመጨረሻ ጠመንጃውን መልሶ አነገተና «በሉ አሁን ሂዱ፤ ሁለተኛ እዚህ እንዳላያችሁ» አለን። ይልማ እስከ አራት ኪሎ ድረስ እያፏጨ ሄደ።

የዚያ ሰኞው ሊጥ ነገር የተነሳው በበርሜል ክዳን ነው። ባለፈው ክረምት ለእትዬ ሩቂያ የተረፈ ፍልጥ ሊያደርስላት ገብቶ፣ የውሃ በርሜሏ በምን እንደተከደነ አየ። የሳሊም መጥበሻ ብረት ነው። ይልማ የዚያን ዕለት ቤት ሲገባ ፊቱ ሌላ ነበር። «አለ» ይለኛል፣ «ብረቱ አለ።» ከዚያ በኋላ እግሩ ከእሷ በር አልጠፋም። አንድ ጊዜ ብቻ እንድትጋግር ለመናት። ረስቼዋለሁ አለችው፤ ዱቄት የለም አለችው፤ ሰው ምን ይለኛል አለችው። አንድ ቀን አብሬው ስለነበርኩ የመጨረሻውን መልሷን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«እናትህ ከበላች እጋግራለሁ። እናትህ ካልበላች እጄን ዱቄት ውስጥ አልነክርም» አለችው።

ሊያደክመው መስሏት ነው። እሱ ግን የፈለገው ይህንኑ ነበር። ማሩን ከሱሉልታ በኩል አመጣ፤ እንቁላሉን ከካራ በኩል ከገበሬዎች፤ ዘይቱን ከየት እንዳገኘ አልነገረኝም። እንግዲህ ያ ሰኞ ጠዋት እማዬ ያለችው እሺ አልነበረም፤ እምቢም አልነበረም። በቀልድ መመለሷን ነው ይዞ የወጣው።

ስለ አሟሟቱ በአጭሩ ልጻፍ። የረዳት ሥራ ታኮ መያዝ ነው። መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም፣ ገና ሳይቆም ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማው ሥር ታኮውን ያስገባል። ይልማን ለዚህ የወለዱት ይመስል ነበር። ያን ቀን ጭነው ሲመለሱ ዳገት ላይ ሞተሩ ጠፋ። ይልማ ወረደ። መሬቱ በጉሙ ረጥቧል። ታኮውን አስገብቷል፤ ጋሽ ታደሰ ይህን ደጋግሞ ይናገራል፤ አስገብቷል ይላል። መኪናው ግን ከመያዙ በፊት አንዴ ሸርተት አለ።

ጋሽ ታደሰ እኛ ቤት ሲመጣ ቆቡን በእጁ ይዞ ነበር። ሌላ ምንም ሳይል አወቅን።

ድንኳን ተተከለ። የእድር ሰዎች መጡ። እትዬ ሩቂያም መጥታ መግቢያው ላይ ከሴቶቹ ጫፍ ተቀመጠች፤ ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ሄደች። እማዬ አየቻት ወይ አላየቻትም፣ አላወቅኩም። እማዬ ውሃም አልቀመሰችም። ጎረቤቶች እዝን ይዘው መጥተዋል፤ ሴቶቹ ተራ በተራ ያጎርሷታል፤ አፏን ትገጥማለች። ነገ ቀብር አለ፣ ቀብር በባዶ ሆድ አይኬድም ይሏታል። አትሰማም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ገና ሰው ሳይበዛ፣ ውሃ ልቀዳ ወደ ማድቤት ገባሁ። አንዲት የእድር ሴት ሳህኑን ይዛ ቆማለች። ኮምጥጧል ብላ ሊጡን ልትደፋው ነው። ተቀበልኳት። ሻካራ ሆኜባት መሰለኝ፤ ደንግጣ ለቀቀችልኝ። ጨርቁን ገለጥኩት። ሊጡ ተንጣሎ ተኝቷል፤ ያበራል። የጣቶቹ ምልክት ነበረበት፤ እኔ አይቼ ነበር። አሁን የለም። ሊጥ ሲያርፍ እንዲህ ነው ለካ።

ሳህኑን አቅፌ ቁልቁል ወረድኩ። ማሩና እንቁላሉ እትዬ ሩቂያ ጋ ነበር፤ ይልማ ቀደም ብሎ አድርሶት። ለቀብሩ ለብሳ ጨርሳ ሻሿን ታስራለች። ሳህኑን አየች፤ እኔን አየች።

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

«ሀብቴ፣ እናቱ ካልበላች ብዬው ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ፤ እዚያው ነበርኩ» አልኳት። ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ መቆም ስላቃተኝ ፍልጡን ማውጣት ጀመርኩ፤ እሱ ያመጣላትን ፍልጥ። እኔ እሳቱን ሳቀጣጥል እሷ ብረቱን ከበርሜሉ ላይ አንስታ በአመድ እያሸች ነበር።

ሊጡን አሸተተችው። አልኮመጠጠም አለች፤ ላልቷል እንጂ፤ ደህና አድርጎ አሽቶታል። ጠረጴዛዋን ዘይት ቀባች። መሳቡ የሳሊም ሥራ ስለነበረ የመጀመሪያው ተቀደደባት። ጠቅልላ አስቀመጠችው። ሁለተኛውን ስትስበው ጠርዙ ወፈረ፤ መካከሉ ግን ሳሳ፤ ጣቶቿን ከሥሩ አየኋቸው። እንቁላሉን አፈሰሰች፤ አጠፈችው፤ ብረቱ ላይ ጣለችው። ማሩን ስታፈስበት ጭሱ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ቆርሳ ሰጠችኝ። ቆሜ፣ ከበሩ እስከ ምድጃው እየተመላለስኩ በላሁ።

«እንዲህ ነበር?» አለችኝ።

«አላውቅም እትዬ። እኔ አልደረስኩበትም።»

«እኔም ረሳሁት» አለች። «እሱ ነበር የሚያውቀው።» እና ፊቷን ወደ እሳቱ አዞረች።

የቀረውን በሳህን አድርጋ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈነችልኝ። ስወጣ በፊት ለፊቱ ባለው የቀበሌ ሱቅ የስኳር ሰልፍ ተሰልፏል። በአጠገባቸው ሳልፍ አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ አንገታቸውን አዙረው ሳህኑን ተከተሉት። «ሳሊም ቤት ተከፈተ እንዴ?» አሉ፤ ማንን እንደጠየቁ እንጃ። ያኔ ነው ልክ መሆኑን ያወቅኩት። ዕንባዬ የመጣው ያኔ ነው፤ በሰው ሰልፍ መካከል።

እማዬ ከድንኳኑ ጥግ ፍራሽ ላይ ናት። ፊቷ ተንበረከክኩና ጨርቁን ገለጥኩ። ሴቶቹ ምንድነው ተባባሉ። እማዬ ሳህኑን አየችው። አወቀችው።

«ማን ሠራው?»

«ይልማ አቦካው። እትዬ ሩቂያ ጋገረችው።»

አንዷ ሴት እማዬን አይታ ልታስነሳኝ ክንዴን ያዘችኝ። እኔ ቆርሼ፣ ጠቅልዬ፣ ወደ አፏ ያዝኩት። እጄ ዛለ። አላወረድኩትም። ማሩ በአንጓዬ በኩል ወደ እጅጌዬ ወረደ። እማዬ እጄን እያየች፣ እያየች፣ አፏን ከፈተች።

ቀስ ብላ አኘከች። ዋጠች።

«ይሄ ነው?» አለች።

«ይሄ ነው።»

«ያን ሁሉ ዓመት?»

በነጠላዋ ጫፍ አፏን ጠረገች። ዓይኗ ከመግቢያው ላይ ሆነ፤ ትናንት እትዬ ሩቂያ ከተቀመጠችበት ላይ። አይታት ነበር ማለት ነው።

«እሷስ በልታለች?» አለችኝ።

«አልበላችም።»

«ሂድና ጥራት። እዚህ መጥታ ትብላ። ቀብር በባዶ ሆድ አይኬድም።»

ተነሳሁ። ሰው በዝቷል፤ በመካከላቸው እየተሹለከለክሁ ወጣሁ። የግቢያችን መዝጊያ ላይ ስደርስ ሽታው አገኘኝ፤ የተቃጠለ ማርና ዘይት። ከእጅጌዬ ይሁን፣ ከታች ከእሷ እሳት ይሁን፣ ለይቼ አላውቅም። እስከ መብራት እንጨቱ ብቻ ነበር ብሎኝ ነበር። ትንሽ ቆምኩበት። ከዚያ ቁልቁል ሮጥኩ።